የትርጉም ስህተት

አክታው፣ ካስፒያን ዳር፣ መጋቢት ሊነካ፣
የአዳራሹን መስኮት ነፋስ ሲያንኳኳ፣
አምስት ባንዲራዎች፣ አምስት የውሃ ጠርሙስ፣
አምስት ዓይነት ዝምታ፣ አምስት ዓይነት ምላስ።
እኔ በመስታወት ሳጥን ተቀምጬ፣
የሰውን ንግግር በጆሮዬ ውጬ
በአፌ የምተፋ ተርጓሚ ነኝ፣ ክፍያዬ በሰዓት፤
የራሴ ቃል የለኝ፣ የለኝ የራሴ ስህተት።

ካዛኩ «ተንጊዝ» ሲል፣ አዘሪው «ደኒዝ»፣
ቱርክሜኗም ቀጥላ፣ ጎርነን አርጋ፣ «ደንጊዝ»፣
ሩሲያዊው «ሞርየ»፣ ፋርሱ «ዳርያ» ብሎ፣
ሁሉም ስሙን ጠራው በየአፉ አባብሎ።
ግን ጠዋቱን ሙሉ የተሟገቱበት
«ባሕር ነው? ወይስ ሐይቅ?» የሚል ነው በእውነት።
ባሕር ከሆነ እንዲህ፣ ሐይቅ ከሆነ እንዲያ፣
ይኼ ድንበር ወዲህ፣ ያኛው መስመር ወዲያ።
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሁለት ሰዓት ፈጀች፤
ሻይ መጣ፣ ሻይ ሄደ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች።

ውጭ ግን፣ ከመስኮቱ ማዶ፣
ውሃው ራሱን ይዞ፣ ከዳር ሸሽቶ ሄዶ፣
የድሮው ወደብ ጥርስ፣ የዛገው ምሰሶ
ደረቅ ጭቃ ላይ ቆሟል፣ ጥቁር ዘይት ለብሶ።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ኢስፋንድያር የገባ፣
የአንዛሊ ዓሣ አጥማጅ፣ ዕድሜው ወደ ሰባ።
ኮት ተውሶ ለብሷል፣ እጅጌው ያጠረ፤
ወረቀት አልያዘም። ቆመ። አልተናገረ።
ከኪሱ አወጣና የተቋጠረ መሐረብ
ፈታው፤ ቢጫ ቁልፍ ነች፣ ቁጥሯ የሚነበብ።
አራት መቶ አሥራ ሰባት።

«ለነጭ ዓሣ ብዬ መረብ የጣልኩ ለት፣
ስጎትት ከበደኝ፤ ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ፣ በዚያች ቅጽበት።
አቆስጣ ነበረች፣ ጢሟ እንደ ድመት፣
ሆዷ ያበጠባት፣ ዘይት የለቀለቃት፣
በገዛ ገመዴ አንገቷ ታንቆ፣
ዓይኗ ግን እንደ ሰው፣ እኔን እኔን ጠይቆ።»

(ኦሪት ቁርበቷን ለድንኳን ጽፎታል፤
ስለ ዓይኗ ግን ዝም ብሎ ለእኛ ትቶታል።)

ራውሻን ተነሣች፣ ከካዛኮቹ ወገን፣
ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ ላይ የምትሆን።
«ይህችን ቁልፍ እኔ ነኝ» አለች «የሰካኋት፤
ገና ነጭ ነበረች፣ ሦስት ሳምንት ቢሆናት።
ነክሳኝም ነበር» ብላ
አውራ ጣቷን አሳየች።

በቮልጋ አፍ አልፋ፣ የከተማ እጣቢ ጠጥታ፣
ከባኩ የነዳጅ ማማ ሥር ተኝታ፣
በቱርክሜን ሰላጤ ዓሣ ፍለጋ ዋትታ፣
አምስት አገር ዞራ፣ አንድ ቪዛ ሳታስመታ፤
ማንም አላስቆማት።
ማንም አላዳናት።

ያኔ ራሚዝ ማይክሮፎን ስቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«የእኛን ዳርቻ እኛ እናጸዳለን» አለ፣ ዓይኑን ቁልፏ ላይ አድርጎ።
የጎረቤት ጉድፍ አይመለከተኝም ማለቱ ነበር፤
በር መዝጊያ ቃል ነው፣ በትሕትና የሚነገር።
እኔ ግን (ደክሞኝ ይሁን፣ ወይ ያች ዓይን ወስዳኝ፣
እስከ ዛሬ ድረስ ለራሴም አልገባኝ)
በአራቱ ልዑካን ጆሮ
«የእኛን ባሕር እኛ እናጸዳለን» አልኩ።

እርሱ ሰማኝ። ቀና አለ፣ ወደ ሳጥኔ አየ።
ከንፈሩ ተላቀቀ፤ እርማቱ ግን ዘገየ።
ሲዘገይ፣ ሲዘገይ፣ ቀረ።

ማታ አንድ ገጽ ወጣች፣ ብዙም አትባልም፦
አቆስጣ ሲሰደድ መረብ አይጣልም፤
ዘይት የፈሰሰበት ሳይመሽ ለአራቱ ይናገር፤
ቆጠራው በአንድ ጀልባ፣ በአንድ መዝገብ ይስፈር።
ባሕር ነው? ሐይቅ ነው? ይህ ለከርሞ አደረ።

ደጅ ስንወጣ ሽማግሌው ክንዴን ያዝ አርጎ፣
«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው፣ አባቴም ይለው ነበር፤
ዛሬ አናቱ ታጠበ፣ ጅራቱን ደግሞ እንይ» ብሎ
ሳቀ፣ ያለ ድምፅ፣ በጨለማው ዳር።
ራውሻን ቁልፏን ወሰደች፤
እርሱ ባዶ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ።
ነፋሱ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፦ «ቅጂው ሲመረመር ተገኝቷል የትርጉም ስህተት፤
ከክፍያዎ ላይ ተቀንሷል ሁለት ሰዓት።»
ፈርሜ ላክሁ።
አላረምኩም።